ብልጭታው ማንን አሳየ? ማንንስ አጋለጠ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ ፎቶ የሚነሳው ሰውየው ራሱ ነው። ልብሱን አስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ ፈቅዶ ይነሳል። ቋንቋው ራሱ የስምምነት ሽታ አለው። የፍላሽ ታሪክ ግን እንዲህ በስምምነት የተጀመረ አይደለም። በብልጭታ ብርሃን ፎቶ ከተነሱት የመጀመሪያዎቹ ድሆች መካከል ብዙዎቹ የተነሱት ከእንቅልፋቸው ነው፤ በእኩለ ሌሊት፣ በራቸው ተከፍቶ፣ ማን እንደመጣባቸው ሳያውቁ።

ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ፣ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ፍላሽ በሚረርለስ ካሜራ አናት ላይ ተሰክቶ በየሰርግ አዳራሹ፣ በየስብሰባው፣ በየጋዜጣዊ መግለጫው ይበራል። ማንም ልብ አይለውም። ሆኖም ይህ ትንሽ ዕቃ የ160 ዓመት ታሪክ ተሸክሟል። ታሪኩም የብርሃን ብቻ አይደለም። ብርሃኑን የሚይዘው ማን ነው? የሚበራበትስ ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

ጨለማን የመግዛት ሙከራ

ፎቶግራፍ ሲወለድ የፀሐይ ጥገኛ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ ይገባል። በ1861 ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ የፓሪስን የምድር ውስጥ የአጽም ዋሻዎች ለማንሳት ባትሪና የኤሌክትሪክ መብራት ይዞ ገባ። አንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሰው ስለማይገኝ በሠራተኛ ፈንታ አሻንጉሊት አልብሶ አቆመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሰው ሠራሽ ብርሃን በጀመረበት ዘመን የድሀው ሠራተኛ ምስል የተያዘው ሠራተኛው በሌለበት ነው።

ቀጥሎ ማግኒዥየም መጣ። ይህ ብረት ሲቃጠል ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በ1860ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ እንደ ሽቦ ተስቦ ለገበያ ቀረበ። በ1865 ብሪታንያዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ ይህንን ይዞ በግብፅ ታላቁ ፒራሚድ ውስጥ ፎቶ አነሳ። ችግሩ ጭሱ ነበር። አንዴ ከተቃጠለ ክፍሉ በነጭ ጭስ ይሞላል፤ ሁለተኛ ፎቶ ለማንሳት ጭሱ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ይላል። ዋጋውም ቢሆን የሚቀመስ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው 1887 ነው። አዶልፍ ሚተ እና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የማግኒዥየምን ዱቄት ከፖታሲየም ክሎሬትና ከአንቲመኒ ሰልፋይድ ጋር ቀላቀሉት። ቅልቅሉ በእሳት ሲነካ በቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በጀርመንኛ ስሙን ከመብረቅ ወሰዱለት። ስሙ ልክ ነበር፤ እንደ መብረቅ ያበራል፣ እንደ መብረቅም ይገድላል። ዱቄቱን ሲቀላቅሉ እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወታቸው ያለፈ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ።

መጥበሻ የያዘው ጋዜጠኛ

የዚህ ፈጠራ ዜና ኒውዮርክ ሲደርስ አንድ ሰው በጋዜጣ አንብቦት ከመቀመጫው ብድግ አለ፦ ጃኮብ ሪስ። ሪስ ዴንማርክ ውስጥ የተወለደ፣ በ1870 በ21 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ሥራ አጥቶ ተርቧል፤ ማደሪያ አጥቶ ፖሊስ ጣቢያዎች ለቤት አልባዎች በከፈቷቸው ቆሻሻ መጠለያዎች አድሯል። በኋላ የፖሊስ ወሬ ዘጋቢ ሆኖ ሥራ ሲያገኝ በሌሊት የሚያየውን ጉድ ይጽፍ ጀመር። የሚያምነው ግን አጣ። ሀብታሙ የከተማ ክፍል ድሀው ሰፈር ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። በቃል የተነገረው በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሪስ ብልጭታውን የፈለገው ለዚህ ነው። ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በእኩለ ሌሊት ወደ ማንሃተን ድሀ ሰፈሮች መዝመት ጀመረ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት መሣሪያ ሽጉጥ መሰል ነበር፤ ቃታው ሲሳብ የማግኒዥየም ጥይት ይተኩሳል። እንግዲህ አስቡት፦ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው የተኙ ስደተኞች፣ ሽጉጥ የያዙ የማያውቋቸው ሰዎች ድንገት ገብተው ሲተኩሱባቸው! በመስኮት ዘለው የሸሹ እንዳሉ ሪስ ራሱ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ሽጉጡን ትቶ ዱቄቱን በመጥበሻ ላይ ማቃጠል ጀመረ፤ መጥበሻ የቤት ዕቃ ስለሆነ ያን ያህል አያስፈራም ብሎ ነው።

እሳቱ ግን እሳት ነው። ሪስ ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፤ አንድ ጊዜ ራሱን ለኩሷል። ከሁሉ የሚከብደው አምስት ዓይነ ስውራን የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ የሆነው ነው። ብልጭታው ካለፈ በኋላ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀትና ጨርቅ ሲነድ አየ። ደረጃው የተንጋደደ፣ ቤቱ ከላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለ፣ ነዋሪዎቹ የመጣባቸውን አደጋ የማያዩ ናቸው። እሳቱን በራሱ እጅ አፍኖ አጠፋው። ወርዶ ለፖሊስ ሲነግር ፖሊሱ ሳቀበት፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ራሱ እሳቱን እንደሚያፍነው፣ ቤቱም ከዚያ በፊት ተለኩሶ አልነድ እንዳለ ነገረው። ብርሃኑን ማየት የማይችሉ ሰዎች፣ ሌሎች እንዲያዩአቸው በበራ ብርሃን ሊቃጠሉ ነበር። የፍላሽን ታሪክ ከዚህ አጋጣሚ በላይ የሚያሳጥረው የለም።

ውጤቱስ? ውጤቱን መካድ አይቻልም። በ1890 ሪስ መጽሐፉን አሳተመ። ቴዎዶር ሩዝቬልት አነበበው፤ ወዳጁም ሆነ። ሩዝቬልት የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽን ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ በ1896፣ ሪስ በወጣትነቱ ያደረባቸው እነዚያ የፖሊስ መጠለያዎች ተዘጉ። መልቤሪ ቤንድ የተባለው እጅግ የከፋው ሰፈር ፈርሶ መናፈሻ ሆነ። በ1901 አዲስ የመኖሪያ ቤት ሕግ ወጣ፤ ብርሃንና አየር የማይገባበት ክፍል መሥራት ተከለከለ። ይህ ሁሉ በሪስ ፎቶ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ፎቶው ግን የማይታየውን እንዳይካድ አድርጎታል።

ነገር ግን የሪስ መጽሐፍ ስለ ጣሊያኑ፣ ስለ ቻይናዊው፣ ስለ አይሁዱ የሚናገረው ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። ሕዝቡን በዘር በዘር ከፍሎ ባሕርይ ይሰፍርለታል። ከተነሱት ሰዎች የብዙዎቹ ስም እንኳ አልተመዘገበም። በብርሃኑ የታየው ፊታቸው ነው፤ ድምፃቸው ጨለማ ውስጥ ቀርቷል።

አምፖል፣ ወንጀልና ጦርነት

በ1929 ጀርመን ውስጥ የፍላሽ አምፖል ለገበያ ወጣ። ኦክስጅን በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይነድና ያበቃለታል። አንድ አምፖል ለአንድ ፎቶ ብቻ ነው። ጭስ የለም፣ እሳትም ከብርጭቆው አይወጣም። ፎቶ አንሺው ሌሊትን ያለ ፍርሃት መዞር ቻለ።

በዚህ ዘመን ስሙ የገነነው ዊጂ በሚል ቅጽል የሚታወቀው አርተር ፌሊግ ነው። እሱም የስደተኛ ልጅ ነው። የፖሊስ ሬዲዮ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ኒውዮርክን ሌሊቱን ሙሉ ያስሳል። ሬሳው ሳይነሳ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ይደርሳል። ካሜራው ላይ ያለው ትልቅ አምፖል ሲበራ ከፊት ያለው ሁሉ ነጭ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ይህ መልክ ዛሬም ድረስ የቅሌትና የወንጀል ዜና መልክ ሆኖ ቀርቷል። ፊቱን በእጁ የሚሸፍን ተጠርጣሪ ፎቶ ስናይ፣ ገና ሳይፈረድበት ወንጀለኛ የሚያስመስለው ግማሹ ነገር ብርሃኑ ነው።

በተመሳሳይ ወቅት ጀርመን ውስጥ ኤሪክ ሳሎሞን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። በ1928 ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ያላት ትንሽ ካሜራ ይዞ፣ ያለ ምንም ብልጭታ፣ ፍርድ ቤትና የዲፕሎማቶች ስብሰባ ውስጥ እየገባ ማንሳት ጀመረ። ባለሥልጣናቱ ሲያዛጉ፣ ሲያንቀላፉ፣ ሲንሾካሾኩ ያዛቸው። እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ድሀው የሚነሳው በመብረቅ ነው፤ ሚኒስትሩ የሚነሳው ሳያውቅ ነው። ሳሎሞን አይሁዳዊ ነበር፤ በ1944 አውሽዊትዝ ውስጥ ተገደለ።

ዛሬ በትንሹ ፍላሽ ውስጥ ያለው ቴክኖሎጂ መሠረቱ የተጣለው በ1931 ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ በቅጽበት በመልቀቅ ብልጭታ መፍጠር ቻለ። አምፖሉ አንዴ ነድዶ ይጣላል፤ የኤጀርተን ቱቦ ግን ደጋግሞ ይበራል። ብልጭታው እጅግ አጭር ከመሆኑ የተነሳ ፖም በስታ የምታልፍ ጥይት አየር ላይ ቆማ ትታያለች። ሕዝብ ያደነቀው ይህንን ነው። ሠራዊቱ ግን ሌላ ነገር አየበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግዙፍ የኤጀርተን ፍላሾች አውሮፕላን ላይ ተጭነው፣ ከኖርማንዲው ማረፊያ በፊት በነበሩት ሌሊቶች የጠላትን ምድር ከላይ አበሩ። ከመጥበሻ ተነስቶ አውሮፕላን ላይ ለመድረስ የፈጀው 60 ዓመት አይሞላም።

በካሜራው ጀርባ ያለው ቁልፍ

የፍላሽ ታሪክ በጥቁር ቆዳ ላይ ሲደርስ ጥያቄው ይከራል። ለአሥርት ዓመታት የቀለም ፊልም የሚስተካከለው የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት መለኪያ ካርድ ነበር። በባለሙያዎች ዘንድ "ሸርሊ ካርድ" ይባላል። ፊልሙ ለዚያ ፊት ተብሎ ስለተዘጋጀ ጠይም ሰው ከነጭ ሰው ጎን ሲነሳ ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ይታይ ነበር። የጥቁር ልጆች እናቶች በትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ቅሬታ አሰሙ። ለውጥ የመጣው ግን የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎችም የሸቀጣቸው ቀለም በማስታወቂያ ላይ በትክክል አልወጣም ብለው ሲያማርሩ ነው። ለሰው ፊት ያልተሰጠው ጆሮ ለቸኮላት ተሰጠ!

በደቡብ አፍሪካ ነገሩ ከውበት ጥያቄ አልፏል። በአፓርታይድ ሥርዓት ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ፎቶው ያለበት የይለፍ ደብተር ይዞ እንዲዞር ይገደድ ነበር። በመጋቢት 1960 ሻርፕቪል ላይ 69 ሰዎች የተገደሉት ይህንን ደብተር ሲቃወሙ ነው። ለመታወቂያ ፎቶ ሥራ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ የፖላሮይድ ካሜራ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ የፊትንና የጎንን ምስል አንድ ወረቀት ላይ ያወጣል። አይዲ-2 የተባለው ሞዴል በጀርባው የፍላሹን ኃይል የሚጨምር ቁልፍ አለው። ቁልፉ ጠቆር ያለ ፊት በግልጽ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ብዙዎችም የተሠራው ለዚሁ ነው ብለው ይከራከራሉ።

ይህ እንቆቅልሽ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ጥቁር ፊት ቢጠፋ ማንም አልቸኮለም። ለቁጥጥር ሲፈለግ ግን ብርሃኑ ተገኘ። መታየት ሁሉ ክብር አይደለም።

በ1970 አሜሪካ ውስጥ በፖላሮይድ የሚሠሩ ሁለት ጥቁር ሠራተኞች፣ ካሮላይን ሀንተር እና ኬን ዊሊያምስ፣ የኩባንያቸው ምርት ለዚህ ሥርዓት እንደሚውል ደረሱበት። ሌሎችን አስተባብረው የግዢ እገዳ ጠሩ። ሀንተር ከሥራዋ ተባረረች። ትግሉ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ በ1977 ፖላሮይድ ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ሁለት ሰዎች የጀመሩት ነገር ለኋለኛው ዓለም አቀፍ የማዕቀብ ዘመቻ መንገድ ጠራጊ ሆነ።

ፍላሹ ሲያንስ

በ1975 ኦሊምፐስ ኦኤም-2 የተባለውን ካሜራ አወጣ። ይህ ካሜራ በሌንሱ ገብቶ ፊልሙ ላይ ያረፈውን የፍላሽ ብርሃን ራሱ ለክቶ፣ በቃ ሲል ፍላሹን ያጠፋዋል። ፎቶ አንሺው ርቀት እየገመተ ሒሳብ ከመሥራት ተገላገለ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ዘዴው ተለወጠ፤ ፍላሹ ከዋናው ብልጭታ በፊት ትንሽ የሙከራ ብልጭታ ይልክና የተመለሰውን ይለካል። በቡድን ፎቶ ላይ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 ሲወጣ የሚረርለስ ዘመን ተጀመረ። በካሜራው ሆድ ውስጥ የነበረው መስታወት ወጣ፤ አካሉ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ በወጡት ብዙ ካሜራዎች ውስጥ አብሮ የሚሠራ ፍላሽ የለም። የ2009ኙ ኦሊምፐስ ኢ-ፒ1 እና የ2013ቱ ሶኒ ኤ7 ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ባለቤቱ ብርሃን ከፈለገ ለብቻው ይገዛል።

ታዲያ ትልቁን አሮጌ ፍላሽ እንዲህ ያለ ቀላል ካሜራ ላይ መጫን ጎጆ ላይ ጉልላት ማብዛት ነው፤ አናቱ ይከብድና ወደ ፊት ይደፋል። ትንሹ ፍላሽ የመጣው ለዚህ ነው። ኃይሉ አነስተኛ ነው፣ ግን ይበቃል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን የፍላሽ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይሻርም። የዛሬ ሴንሰር ግን በ1600 አይኤስኦ ሲሠራ ከ100 አይኤስኦ 16 ጊዜ ያነሰ ብርሃን ይበቃዋል። ስለዚህ ያው ትንሽ ፍላሽ አራት እጥፍ ርቆ ይደርሳል። ኃይሉ ከፍላሹ ወደ ሴንሰሩ ተዛውሯል ማለት ነው።

ለውጡ ደግሞ የራሱን ጣጣ አምጥቷል። የሚረርለስ መመልከቻ የሚያሳየው ፎቶው የሚወጣበትን ብርሃን ስለሆነ፣ ለፍላሽ ሲስተካከል ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፤ ይህ ቅድመ እይታ ካልጠፋ አንሺው እንደ ዕውር ይዳብሳል። በአሮጌ ፍላሾች ላይ ያለው ቀዩ የትኩረት ብርሃንም ለመስታወቱ ካሜራ የተሠራ ነውና በአብዛኛው ሚረርለሱን አይረዳም። የፍላሹ አንገት የማይታጠፍ ከሆነ ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ልኮ ማለስለስ አይቻልም፤ ፊት ለፊት ይመታል፤ ዓይን ይቀላል፣ ግንባር ያበራል፣ ከኋላ ጥቁር ጥላ ይወድቃል። የዊጂ ተጠርጣሪ መልክ ሙሽራዋ ላይ ይመጣል ማለት ነው።

ለሐበሻ ሰርግ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጭ ጋቢ ስክሪኑን ሲሞላው አውቶማቲክ ፍላሹ ብርሃን በዛ ብሎ ራሱን ይቀንሳል። ጥለቱ በደንብ ይወጣል፤ የጠይሟ ሙሽራ ፊት ግን ይጨልማል። ማሽኑ ከጨርቁና ከፊቱ የትኛው እንደሚበልጥ አያውቅም። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ የሚያውቅ ባለሙያ የፍላሹን መጠን በእጁ ከፍ ያደርጋል፣ አንገቱን አዙሮ በጣሪያው ያስመልሰዋል። በፋብሪካ የተረሳን ፊት በእጅ ማስታወስ ማለት ይኸው ነው።

ዝም ያለው ካሜራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሚረርለስ ካሜራ ከጥንቶቹ የሚለየው በማነሱ ብቻ አይደለም። በሻማ ብርሃን ያያል፤ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያው ቅንጣት ድምፅ ሳያሰማ ያነሳል። ኤሪክ ሳሎሞን በጥበብና በድፍረት ያገኘውን ዛሬ ማንም ከሱቅ ይገዛዋል። በለቅሶ ቤት፣ በጸሎት ሰዓት፣ በሰልፍ መሐል፣ በሆስፒታል ኮሪደር ሰው ሳያውቅ ይነሳል። ከዚያ ምስሉ በስልክ ይበራል፤ ባለቤቱ የሚያየው ሌላው ሁሉ ካየው በኋላ ነው።

ያ የተረገመው የሪስ ብልጭታ ቢያንስ አንድ ሐቀኝነት ነበረው፤ አይደበቅም። ሰውየው ተደናግጦ፣ ተቆጥቶ፣ ወይም በመስኮት ዘሎ ቢሆንም መነሳቱን ያውቃል። መጮህ ይችላል። "ለምን?" ማለት ይችላል። በብዙ ሚረርለሶች ላይ የዝምታው መዝጊያ ሲከፈት ፍላሹ አይሠራም፤ ወይ ትደበቃለህ ወይ ትገለጣለህ። ማሽኑ ሳያስበው ፎቶ አንሺውን ያስመርጠው ነበር። በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 ሦስት ግን የሴንሰሩን ነጥቦች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚያነብ ይህንን ገደብ አፍርሶታል። ከእንግዲህ ማሽኑ ማንንም አያስገድድም። ምርጫው የቀረው ለሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ ዝምታም ዋጋ አለው። ግፍ የሚፈጸምበትን ቦታ በብልጭታ አነሳለሁ የሚል ሰው ካሜራውንም ራሱንም ያጣል። ጉልበተኛን ሳያውቅ ማንሳት ምስክርነት ነው። ደካማን ሳያውቅ ማንሳት ግን ስርቆት ነው። ሁለቱን የሚለየው የካሜራው ዋጋ ወይም የሴንሰሩ ጥራት አይደለም፤ ከሌንሱ ፊት ለፊት ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምስሉስ ማንን እንደሚጠቅም መጠየቅ ነው።

የናዳር አሻንጉሊት፣ የሪስ ዓይነ ስውራን፣ የሳሎሞን ሚኒስትሮች፣ የደቡብ አፍሪካ ደብተር ያዦች፦ ሁሉም ብርሃን በርቶባቸዋል ወይም ያለ ብርሃን ታይተዋል። "ልነሳ?" ተብሎ የተጠየቀ ግን ከመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል። በመዳፍ የምትያዘው የዛሬዋ ፍላሽ ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ቤት አታቃጥልም። ከመብራቷ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከእርሷም ይቀላል፤ ባትሪም አይፈልግም።

ሰው ፎቶ ይነሳ እንጂ አይነሳበት።